መቁረጥና መቁረስ፤ ስለ በዓል ብስኩት የቀረበ ሂስ

ሂስ ማለት ነቀፋ ማለት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን የሂስ ሥራ የወንፊት ሥራ ነው። ወንፊት ዱቄቱን ከግርዱ ይለያል እንጂ እህሉን አይጠላውም፤ እንዲያውም ወንፊት የሚያነሣው እህሉን የሚወድ ሰው ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር ስለ ዱቄትና ስለ ሊጥ ስለ ሆነ፥ ወንፊቱን ይዤ ብቀርብ የሚፈረድብኝ አይመስለኝም።

ነገሩ ይህ ነው። በጀርመን፥ በሆላንድ፥ በስዊድን፥ በአሜሪካም አገር የልደት በዓል ሲቃረብ ብዙ ቤተ ሰብ በማድ ቤት ተሰብስቦ የበዓል ብስኩት ይጋግራል። እናት ወይም አያት ሊጡን ታቦካለች፤ ልጆች በመዳመጫ ይዳምጡታል፤ ከዚያም ከቆርቆሮ የተሠራውን ቅርጽ ማውጫ እየያዙ በተዳመጠው ሊጥ ላይ ይጫኑታል። አንዱ ቅርጽ ኮከብ ነው፥ ሌላው ልብ፥ ሌላው ዛፍ፥ ሌላው ደወል፥ ሌላውም እጁንና እግሩን የዘረጋ ትንሽ ሰው ነው። ብስኩቱ ከምድጃ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ በስኳር ቅብ ዓይንና አፍ፥ ቁልፍና ቀበቶ ይሥሉበታል። ከዚህ በኋላ የሚበላው ይበላል፤ በክር ታስሮ በገና ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ይሰቀላል፤ ለጎረቤት የሚላከውም ይላካል።

«ስለ ብስኩት ደግሞ ሂስ ይጻፋልን?» ብሎ የሚስቅ ወጣት አይጠፋም። ይሳቅ፤ የበዓል ነገር ነውና ሳቅ አይከለከልም። ነገር ግን ሰው በአደባባይ ሲናገር ተጠንቅቆ ነው፤ በማድ ቤቱ ሲሠራ ግን ራሱን ሆኖ ነው። አንድ ሕዝብ ስለ ጥጋብና ስለ ረኃብ፥ ስለ ልጅና ስለ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ ከሕግ መጽሐፉ ይልቅ ከበዓል ገበታው ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ይህን ልማድ እንደ አንድ መጽሐፍ አንብቤ ፍርዴን ለመስጠት አስቤአለሁ።

ፍርዴንም የምመሠርተው በሁለት የአማርኛ ቃላት ላይ ነው፤ እነርሱም መቁረጥና መቁረስ ናቸው። በጽሕፈት የምትለያቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ በትርጉም ግን መካከላቸው ሩቅ ነው። ገመድም ጨርቅም እንጨትም ይቆረጣል፤ የሚቆረሰው ግን እንጀራና ዳቦ ነው። የሚቆረጠው ነገር ለመለየት ይቆረጣል፤ የሚቆረሰው ለመብላት፥ ይልቁንም አብሮ ለመብላት ይቆረሳል። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሁለት ቃላት በልብህ ያዛቸው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባቸዋለን።

አስቀድሞ ስለ ብስኩቱ አመጣጥ ጥቂት ልናገር። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለዛሬው የዝንጅብል ብስኩት እንደ አባት የሚቆጠረው በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ይጋገር የነበረው የማር ዳቦ ነው። በጀርመን አገር በዚህ ዳቦ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀችው ከተማ ኑረምበርግ ናት። ምክንያቱም ግልጥ ነው። በከተማዋ አጠገብ ባለው ሰፊ ደን ንብ አርቢዎች ብዙ ማር ያገኙ ነበር፤ ከተማዋም በታላላቅ የንግድ መንገዶች መገናኛ ላይ ስለ ነበረች ከምሥራቅ የሚመጣው ቅመም በቀላሉ ይደርሳት ነበር። ቅመሙም ለእኛ ማድ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ዝንጅብልና ቀረፋ፥ ቅርንፉድም ነው። የኑረምበርግ የማር ዳቦ ጋጋሪዎች በ1643 ዓመት ከሌሎች ጋጋሪዎች ተለይተው የራሳቸው የሙያ ማኅበር ኖራቸው። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በዚያች ከተማ ያልተጋገረ የማር ዳቦ በከተማዋ ስም እንዳይሸጥ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጠብቋል።

ማር እርጥበትን ስለሚይዝ ይህ ዳቦ ብዙ ሳምንት ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ለመንገድ ስንቅና ለሩቅ ወዳጅ ስጦታ የሚመች ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ ብስኩቱ ገና ቅርጽ ሳይበዛለት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ቅርጽ የሚሰጠው ከእንጨት በተፈለፈለ ማተሚያ ነበር። ጠራቢው በእንጨቱ ላይ የቅዱሳንን መልክ፥ ፈረሰኛውን፥ ልብንና አበባን ገልብጦ ይፈለፍላል፤ ጋጋሪውም ሊጡን በውስጡ ይጫነዋል፤ ሲያወጣው ሥዕሉ ከነዝርዝሩ ታትሞበት ይገኛል። በሆላንድና በቤልጂግ የቅዱስ ኒቆላዎስ መልክ የታተመበት ቅመም የገባበት ብስኩት እስከ ዛሬ ድረስ ይጋገራል። በኋላ ግን ቆርቆሮ ሠሪዎች ቀጭን ቆርቆሮ እያጠፉና እየበየዱ ርካሽ ቅርጽ ማውጫ መሥራት ጀመሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ የሰፈሩት የጀርመን ተወላጆች በዚህ የቆርቆሮ ሥራ የታወቁ ነበሩ።

በእንጨቱ ማተሚያና በቆርቆሮው መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ ብቻ አይደለም። ማተሚያው ሥዕሉን ሁሉ ጨርሶ ይሰጣል፤ ለጋጋሪው የሚቀርለት ነገር የለም። ቆርቆሮው ግን ዳር ድንበሩን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ መካከሉን ባዶ ይተወዋል። ያም ባዶ ቦታ የልጁ ቦታ ነው። እንግዲህ የጠራቢው ጥበብ ቢቀር፥ በምትኩ የልጅ እጅ ወደ ሥራው ገብቷል። ይህን ትርፍ አላቃልለውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ ልምጣ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ ነገር የራሱ መልክ ሳይኖረው ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ፥ በብስኩት ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነው ይሉታል። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት ሰፈር፥ ሐሳቡን ሁሉ ከሌላ የወሰደ ተናጋሪ በዚህ ስም ይተቻሉ። ታዲያ ቆርቆሮው ይህን ስም ሊሰጠው ይገባልን?

እኔ እንደማየው ክሱ በግማሽ ብቻ ትክክል ነው። ሁለት ልጆችን በአንድ ኮከብ ቅርጽ ማውጫ አሥር አሥር ብስኩት እንዲያወጡ ብታደርግ፥ አንዱ በጥንቃቄ ቅቡን በዳር በዳሩ ያዞረዋል፤ ሁለተኛው ኮከቡን ሁሉ በቀይ ስኳር ያለብሰዋል፤ አሥሩም ከአሥሩ አይመሳሰሉም። ሁሉም ሰው ሁለት ዓይንና አንድ አፍንጫ ይዞ ሲወለድ መልኩ እንደማይመሳሰል ማለት ነው። የጋራ ቅርጽ መኖሩ የግል መልክን አያጠፋም። የሚያጠፋው ሰው ራሱ መካከሉን የመሙላቱን ሥራ ሲተው ነው። ዛሬ በገበያ የተጋገረ፥ የተቀባና ዓይኑም አፉም የተሣለለት ብስኩት በሣጥን ታሽጎ ይሸጣል። ያን የገዛ ቤተ ሰብ ብስኩቱን አገኘ እንጂ ማድ ቤቱን አላገኘም፤ በዱቄት የነጣ የልጅ አፍንጫ፥ «የእኔን አትንካ!» የሚል ጭቅጭቅ፥ የአያት ተግሣጽ፥ ከምድጃው በር የሚወጣ የቀረፋ ሽታ፥ ይህ ሁሉ በሣጥን አይታሸግም።

ስለ ሥራው ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ቅርጹ ከወጣ በኋላ በኮከቡና በልቡ መካከል የሚቀር ቁርጥራጭ ሊጥ አለ። ብልህ ጋጋሪ አይጥለውም፤ ሰብስባ እንደ ገና ትዳምጠዋለች። ዳሩ ግን ሊጥ ደጋግሞ በታሸ መጠን እየጠነከረ ስለሚሄድ፥ ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ብስኩት እንደ መጀመሪያው አይሰባበርም፤ ጥርስን ያታክታል። ስለዚህ ያወቀች ሴት ልጆቹን፥ «አራርቃችሁ አታውጡ፤ ቅርጾቹን አጠጋጉ» ትላቸዋለች። ተጠጋግቶ የኖረ ጥራጊው ጥቂት ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሊጥ ነው፤ ለሰውም የሚሆን ትምህርት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እርሱም ስለ ዳቦ ቤቱ ነው፤ ዳቦ የሚሸጥበትን ማለቴ ሳይሆን፥ ከዝንጅብል ብስኩት የሚሠራውን፥ ጣሪያው በስኳር በረዶ የተሸፈነውንና በበዓል ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ለጌጥ የሚቆመውን ትንሽ ቤት ማለቴ ነው።

ይህ ቤት ዝናውን ያገኘው ከተረት ነው። ወንድማማቾቹ ያኮብና ዊልሄልም ግሪም በ1812 ዓመት ባሳተሙት የጀርመን ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ሃንስልና ግሬትል የሚባሉ የአንድ ድኻ እንጨት ቆራጭ ልጆች ታሪክ አለ። ወላጆቻቸው የሚላስ የሚቀመስ አጥተው ልጆቹን በጫካ ውስጥ ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ልጆቹም ተቅበዝብዘው ከዳቦ የተሠራ ቤት ያገኛሉ፤ ጣሪያው ኬክ፥ መስኮቱ ስኳር ነው። ተርበዋልና መብላት ይጀምራሉ፤ ቤቱ ግን ልጆችን አታልላ የምትበላ ጠንቋይ ያዘጋጀችው ወጥመድ ነበር። በመጨረሻም ልጆቹ በብልኀት ድነው ወደ አባታቸው ይመለሳሉ።

ይህ ተረት ከጥንቱ የረኃብ ተረት ነው። እናትና አባት ልጃቸውን እስከ መጣል የሚያደርስ ረኃብ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ተረቱን አልሰማውም። ከ80 ዓመት በኋላ ግን ኤንገልበርት ሁምፐርዲንክ የሚባል የጀርመን የሙዚቃ ደራሲ ይህን ተረት ኦፔራ አደረገው፤ ግጥሙን የጻፈችለት እኅቱ አደልሃይድ ቬተ ናት። በቫይማር ከተማ በ1893 ዓመት በልደት ዋዜማ ዋዜማ፥ በዲሴምበር 23 ቀን፥ በሪቻርድ ስትራውስ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ እስከ ዛሬም በብዙ አገር በልደት ሰሞን ይታያል። ሙዚቃው ያማረ ነው፤ በዚህ ላይ የምሰነዝረው ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን በኦፔራው ወላጆቹ ልጆቹን ሊጥሉ አያስቡም፤ እናትየዋ የወተቱ ማሰሮ ስለ ተሰበረባት ተቆጥታ እንጆሪ እንዲለቅሙ ትሰዳቸዋለች እንጂ። ድህነቱ አልጠፋም፤ ስለቱ ግን ደነዘ። ቤቱም በብስኩትና በጣፋጭ ያጌጠ፥ አጥሩም ጠንቋይዋ ወደ ዝንጅብል ብስኩት የለወጠቻቸው ልጆች ሆነ።

ከዚያ ወደ ገበያው ጠረጴዛ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ዛሬ ቤቱ ቆሟል፤ ረኃቡ ግን ተረስቷል። ተርበው ከጣሪያው የገመጡ ልጆች ታሪክ፥ ጠግበው የማይነኩት ጌጥ ሆነ። በብዙ ቤት ይህ የብስኩት ቤት ሳምንታት ቆሞ፥ አቧራ ጠጥቶ፥ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ ልጆች በበዓሉ ማብቂያ ጣሪያውን እየሰበሩ፥ እየተሻሙ የሚበሉበት ቤትም አለ፤ ይህኛው ተረቱን የተረዳ ቤት ነው። የማይበላውን ዳቦ ሠርቶ መጣል ግን፥ ስሙ ጌጥ ቢባልም፥ ዳቦን መናቅ ነው።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ተረቱን እንደ ገና ብታነቡት አንድ ሥዕል ሠሪዎችም ጋጋሪዎችም ያለፉትን ነገር ታገኛላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ ወደ ጫካ ሲወሰዱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁራሽ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ሃንስል መመለሻ መንገድ ለማወቅ የራሱን ፈርፍሮ በመንገድ ይበትነዋል፤ ፍርፋሪውንም ወፎች ይለቅሙታል። እኩለ ቀን ሲሆን ግሬትል የራሷን ቁራሽ ከወንድሟ ጋር ትካፈላለች። በዚያ ተረት ውስጥ ያለው እውነተኛ ዳቦ ይህ ነው! የጠንቋይዋ ቤት ትልቅና ያማረ ነበር፥ ነገር ግን የሞት ወጥመድ ነበር፤ የግሬትል ቁራሽ ትንሽና ደረቅ ነበር፥ ነገር ግን ሕይወት ነበር። የበዓሉ ጋጋሪዎች የጠንቋይዋን ቤት በየዓመቱ ይሠራሉ፤ የግሬትልን ቁራሽ ግን የሠራ አላየሁም። የእኔ ዋና ሂስ ይህ ነው።

ረኃብን መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ረኃብን በፈቃድ መቀበል ደግሞ ሌላ ነው። ይህንም የአውሮፓ ጋጋሪዎች ድሮ ያውቁት ነበር። በድሬስደን ከተማ ሽቶለን የሚባል የልደት ዳቦ አለ። ጥንት ከልደት በፊት ያለው ጊዜ ጾም ስለ ነበረ ዳቦው ያለ ቅቤ፥ በዱቄት፥ በውሃና በዘይት ይጋገር ነበር፤ ጣዕምም አልነበረውም። የሳክሶን መሳፍንት ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮም ጽፈው ለመኑ፤ በ1491 ዓመትም ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ የፈቃድ ደብዳቤ ላኩላቸው። ከዚያ በኋላ ዳቦው በቅቤ እየወፈረ፥ በዘቢብ እየጣፈጠ ሄደ። በ1730 ዓመት ብርቱው አውግስጦስ የተባለው የሳክሶን ገዥ ሠራዊቱን ለመሳፍንት በሚያሳይበት ታላቅ ሰልፍ ላይ 18 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሽቶለን አስጋግሮ ለእንግዶቹ አስቆረሰ።

እዚህ ላይ ራሴን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ይህ ዳቦ ተቆርሷል፤ ለብዙ ሰውም ደርሷል። ታዲያ ግሬትል ከቆረሰችው በምን ይለያል? በሚዛን ከሆነ የአውግስጦስ ይበልጣል። ግን እርሱ የቆረሰው ከተረፈው ላይ ነው፥ ዓይኑም በተቀባዩ ረኃብ ላይ ሳይሆን በራሱ ክብር ላይ ነበር፤ እርሷ የቆረሰችው ከሚያስፈልጋት ላይ ነው። ስለዚህ መቁረስ ሁሉ መቁረስ አይደለም፤ የቆረሰው እጅ ወዴት እንደ ተመለከተ መታየት አለበት።

ስለ ጾምና ስለ ቅቤ ካነሣሁ ዘንድ፥ ይህ ነገር ወደ እኛው ሰዎች እንዴት እንደ ደረሰ ላጫውታችሁ። በአሜሪካ አገር የሚኖሩ የተዋሕዶ ልጆች ጎረቤቶቻቸው ልደትን ሲያከብሩ፥ በዲሴምበር 25 ቀን፥ ገና በጾም ላይ ናቸው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ገና፥ ማለት እስከ ጃንዩወሪ 7 ቀን ድረስ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አገር በአንድ ወዳጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። ሁለቱ ልጆቹ ከትምህርት ቤት በቅቤና በእንቁላል የተሠራ የኮከብና የሰው ቅርጽ ያለው ብስኩት አንድ ሣጥን ሙሉ ይዘው መጡ፤ ራሳቸው የሠሩት ነውና በኩራት ነበር። እናታቸው ጨነቃት። ጣሉት እንዳትል የልጆች ሥራ ነው፤ ብሉት እንዳትል ትልልቆቹ ይጾማሉ፥ ልጆቹም ዘንድሮ አብረን እንጾማለን ብለው ነበር።

ከአገር ቤት ልትጠይቃቸው የመጣችው አያታቸው በሶፋው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ሣጥኑን ተቀበለችና መነጽሯን አስተካክላ ብስኩቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያም፥ «ልጆቼ፥ እጃችሁ ይባረክ፤ ያማረ ነው። ግን ይህ ሁሉ ከመጋገሩ በፊት ለየብቻው የተቆራረጠው ምን አጣልቷችሁ ነው?» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሌሊቱን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። አሮጊቷ የፈረንጅ አገር የሂስ ጽሑፍ አላነበበችም፤ ነገር ግን የሁለቱን ዳቦ ልዩነት ባንድ ቃል አገኘችው። ብስኩት እሳት ሳይነካው፥ ገና ሊጥ ሳለ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ድርሻ፥ የራሱ ቅርጽ፥ የራሱ ኮከብ አለው። ድፎ ዳቦ ግን አንድ ሆኖ ይቦካል፥ አንድ ሆኖ ይጋገራል፥ አንድ ሆኖም ወደ ገበታ ይቀርባል። የሚከፈለው ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ፥ ሽማግሌው ከባረኩት በኋላ ነው። በትግራይና በኤርትራ የሚጋገረው ሕምባሻ ላይ እናቶች ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጮራ የሚሄድ ጌጥ ያደርጉበታል፤ መሥመሩም ዳቦው ሲቆረስ ቢላዋውን ይመራዋል። በዚያ ዳቦ ላይ ጌጡ ራሱ የመቁረሻ መንገድ ነው።

ታዲያ ይህን ብዬ የእኛ ዳቦ ይሻላል፥ የእነርሱ ብስኩት ይብስ ብዬ ልፍረድን? ይህ የወንፊት ፍርድ አይሆንም። ብስኩት አስቀድሞ የተከፋፈለ በመሆኑ ድፎ ዳቦ የማይችለውን ይችላል፤ በሣጥን ሆኖ መንገድ ይሄዳል፥ ወደ ሆስፒታል ይገባል፥ ብቻውን ወደሚኖር ጎረቤት ደጅ ይደርሳል፥ በፖስታ ባሕር ይሻገራል። ድፎ ዳቦ ሰውን ወደ ራሱ ይጠራል፤ ብስኩት ወደ ሰው ይሄዳል። ሁለቱም ደግሞ ሊበላሹ ይችላሉ። በሩን ዘግቶ ድፎውን የራሱ ቤተ ሰብ ብቻ የሚበላ ሰው፥ ዳቦውን በመስቀል ምልክት ቢባርከውም፥ ቆረጠ እንጂ አልቆረሰም።

በዚያ ቤት የሆነውን ልጨርስላችሁ። እናትየዋ ሣጥኑን አሽጋ እስከ ገና ድረስ በቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። በማግሥቱ ደግሞ ልጆቹ ቅርጽ ማውጫቸውን ይዘው በማርና በዘይት፥ በዝንጅብልና በቀረፋ የጾም ብስኩት ጋገሩ፤ ሳያውቁት ወደ ጥንቱ የማር ዳቦ ተጠጉ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ለአስተማሪያቸውና በፎቅ ለሚኖሩ አንድ ብቸኛ ሽማግሌ በሣጥን አድርገው ወሰዱ። ገና በደረሰ ጊዜ አያትየዋ ድፎ ዳቦ ደፋች፤ በዚያ አገር ኮባ አልተገኘምና በሙዝ ቅጠል ጠቀለለችው። የቤቱ አባወራ ባርኮ ቆረሰው። ያን ጊዜ ትንሹ ልጅ ከቁም ሣጥኑ ላይ ብስኩቱን አስወርዶ፥ ከሁሉ አስበልጦ ያስጌጠውን ኮከብ መረጠ፤ ጥቂት ተመለከተውና ከሁለት ሰበረው። ግማሹን ለአያቱ ሰጥቶ፥ «እማማ፥ ታረቅን» አላት።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ቅርጽ ማውጫው ጥፋት የለበትም፤ ቆርቆሮ ነው፥ እንደ ያዘው እጅ ነው። ልጅን ወደ ማድ ቤት የሚጠራ፥ ትልቁንና ትንሹን ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያቆም ልማድ መልካም ልማድ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ብቻ የሚንቀው ሰው ምርቱን ከግርዱ ጋር የሚደፋ ነው። ነገር ግን ቅርጹ የበዓሉ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የተቆረጠ ሁሉ እስኪቆረስ ድረስ ሥራው አልተፈጸመም። ብስኩት በዛፍ ላይ ብቻ ከቀረ ጌጥ ነው፤ በሣጥን ብቻ ከተሸጠ ሸቀጥ ነው፤ ተሠርቶ ከተጣለ ግፍ ነው፤ ተሰብሮ ለሌላ ከተሰጠ ግን ያን ጊዜ የበዓል እንጀራ ይሆናል።

እናንተም ወጣቶች፥ በየትም አገር ሆናችሁ በዓል ስትጋግሩ፥ ኮከብ ቢሆን ልብ፥ ድፎ ቢሆን ሕምባሻ፥ ከምድጃው ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህ ለማን ይቆረሳል?» በሉ። መልሱ የራሳችሁ ስም ብቻ ከሆነ፥ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ሊጡ ገና አልበሰለም። የሌላ ሰው ስም ከተገኘበት ግን፥ እጁ አጥሮ እግሩ አርሮ የወጣው የብስኩት ሰው እንኳ በገበታው ላይ ሙሉ ሰው ነው።